የድመት ቤት የሆነችው አልፋ

ሸዋረጋ ወሬውን የሰማችው የሳሙና ሰልፍ ላይ ቆማ ነው። ከፒያሳ ዝቅ ብሎ ባለው የቀበሌው ሕብረት ሱቅ በር ላይ ሴቶቹ ዘንቢላቸውን በተራ ደርድረው፣ ከደሴው ጦሳ ተራራ የሚወርደውን የጧት ብርድ ለመከላከል ነጠላቸውን እስከ አፍንጫቸው ስበው፣ የሱቁ መስኮት እስኪከፈት ይጠብቃሉ። ከእሷ ትንሽ ፈንጠር ብላ ከፊት የቆመችው የሊቀ መንበሩ የጓድ ሞላ ሚስት ነበረች። ድምፅ ዝቅ ማድረግ የማታውቅ ሴት ናት፤ ምናልባት የሚፈራት እንጂ የምትፈራው ስለሌላት ይሆናል። «ዛሬ ከሰዓት በኋላ ጎትተው ያወጧታል» አለች ላጠገቧ ሴት። «ያቺን የቀያሹን የደጉን ቀይ መኪና። ሞተሯን ወንድሜ ቢስቲማ ወስዶ ወፍጮ ሊተክልበት ነው። የቀረውን ቆርቆሮ ደግሞ የኪነት ልጆቹ ቀለም ቀብተው ለአብዮት በዓል ሰልፍ ያወጡታል። እንዲያው ለማን ትቀመጣለች? ድመት እንጂ ሰው አይኖርባት!» አጠገቧ ያለችው ሳቀች፤ ከኋላም ጥቂት ሰዎች ለሊቀ መንበሩ ሚስት ብለው ሳቁ።

ሸዋረጋ የዘንቢሏን ጆሮ ጨበጠች። መኪናዋ የወንድሟ ናት። ጓድ ሞላ ግቢያቸው ድረስ መጥቶ፣ እጁን ካፖርቱ ኪስ ውስጥ እንደከተተ፣ «የማትንቀሳቀስ መኪና ባለቤት እንደሌላት ይቆጠራል፤ ባለቤት የሌለው ንብረት የሰፊው ሕዝብ ነው» ካለ ገና ሁለት ሳምንት መሆኑ ነው። «ባለቤት አላት ካላችሁ፣ ባለቤቷ ራሱ ነድቶ ኮምቦልቻ ያውርዳትና ምርመራ ትለፍ፣ ቦሎ ይለጠፍባት። እስከ ዓርብ ማታ ድረስ ታግሰናል» ብሎ ነበር የሄደው። ዛሬ ዓርብ ነው። ማታ የተባለው ወደ ከሰዓት ተስቧል፤ ሞተሯም ገና ሳትወጣ በወሬ ቢስቲማ ገብታ ወፍጮ ሆናለች። ሸዋረጋ ተራዋ ደርሶ ሳሙናዋን ተቀብላ ዞር ስትል፣ ከኋላዋ የነበሩት እትዬ ኡሙሰልማ ክንዷን ያዙና የራሳቸውንም ሳሙና ዘንቢሏ ውስጥ ጣሉላት። «ለሷ መታጠቢያ አይደል የፈለግሽው? ውሰጅ፣ የኔ ሆድ። እቤቴ ያለችውም ድመት ከዚያችው መኪና የወጣች ናት። እናትሽ ናት በእጇ ያመጣችልኝ፣ አላህ ይዘንላት። አብሽሪ።»

ቤታቸው ሁለት ክፍልና አንድ ማድ ቤት ያለው፣ የግድግዳው ኖራ የተላላጠ፣ በረንዳው ግን ሰፊ የሆነ ቤት ነው። መኪናዋ ከበረንዳው ጎን፣ ከባሕር ዛፉ ስር ቆማለች። ባለ ሁለት መቀመጫ አልፋ ሮሜዮ ናት፤ አፍንጫዋ ረዘም፣ ጀርባዋ አጠር ያለ፣ ጣሪያዋ ጥቁር ሸራ። ደጉ በመንገድ ሥራ ቀያሽነቱ ወሎን ሲዞር፣ ኮምቦልቻ ጋራዥ የነበረው ጣሊያን አገሩ ሊገባ ሲል ነው የሸጠለት፤ ያኔም ቢሆን አሮጌ ነበረች፣ ግን ገብርኤል ጋ ስትደርስ ድምፅዋን ቤት ሆነው ይለዩት ነበር። በሰባ ዓመተ ምሕረት ደጉን ከመሥሪያ ቤቱ መጥተው ሲወስዱት መኪናዋ ባቆመበት ቀረች። ባለፈው ሚያዝያ ተፈትቶ ሲመጣ እሷም እሱም ሌላ ሆነው ተገናኙ። እሷ ጎማዋ ሰልሎ፣ ቀለሟ ነጥፎ፣ ውስጧ የድመት ቤት ሆኖ፤ እሱ ደግሞ ጠጉሩ ሸብቶ፣ የተጠየቀውን ብቻ እየመለሰ፣ ሌሊት በሩን ክፍት አድርጎ ወለል ላይ የሚተኛ ሰው ሆኖ።

ሙሄዲን መሬት ላይ ተቀምጦ የመቀመጫዎቹን ብሎን እየፈታ ነበር። የኮምቦልቻ ሰው ነው፤ ከደጉ ጋር የተዋወቁት ሁለቱም ወጣት ሳሉ በጣሊያኑ ጋራዥ ነው፤ አንዱ ሊሠራ፣ አንዱ መኪና ሊያይ እየሄደ። ስለ ጓድ ሞላ ሲሰማ ማንም ሳይጠራው የመፍቻ ሳጥኑን ተሸክሞ ደሴ ወጣ፤ ጧት ጧት ከዘመድ ቤት እየመጣ ሲሠራ ሰነበተ። ጎማዎቹን ለጥፎ ነፋ፣ ባትሪ ከጭነት መኪና ተዋሰ፣ የፍሬኑን ጎማዎች ከአሮጌ ፊያት አወጣ፣ ካርቦራቶሩን በሰሃን ቤንዚን ውስጥ እንደ ሕፃን አጠበው። ደጉም አብሮት ሠርቷል። ኮፈኑ ስር ጎንበስ ሲል እጁ ፈጣን ነው፣ አንዳንዴም አንድ ሁለት ቃል ይወጣዋል። ትናንት ከሰዓት በኋላ ሞተሩ ሁለት ጊዜ አስነጥሶ፣ ጥቁር ጭስ ተፍቶ፣ በመጨረሻ ተነሣ። ጎረቤት እልል አለ። ሙሄዲን «ግባ እንግዲህ፣ አቦ! ንዳት!» ብሎ በሩን ከፈተለት። ደጉ አንድ እግሩን አስገባ፣ እጁን መሪው ላይ አኖረ። ከዚያ ፊቱ አመድ መሰለ፤ እግሩን መልሶ አወጣና ማንንም ሳያይ ወደ ቧንቧው ሄዶ እጁን ይታጠብ ጀመር። ታጥቦ ታጥቦ አልበቃ አለው። እልልታው በሴቶቹ አፍ ላይ ቀረ። ከዚያ ሰዓት ጀምሮ በቤቱ ውስጥ ስለ መኪናዋ የተናገረ የለም።

ሸዋረጋ የሰማችውን ለሙሄዲን በሹክሹክታ ነገረችው። ሙሄዲን ብሎኑን መፍታቱን ሳያቆም ጥቂት አሰበ። «እንግዲያው ዛሬ ነው» አለ። «ሞተሯ ደህና ነው፣ ፍሬኗን እኔ እመሰክራለሁ። የቀረው ይኼ ሽታ ነው። ወላሂ እኔም ራሴ በአፌ ነው የምተነፍሰው።» መቀመጫው ሲነሣ የታመቀው ሽታ ግቢውን ሞላው። የቆየ የድመት ሽንት ዓይን ያቃጥላል፤ ጉሮሮ ላይ ይጣበቃል፤ ነጠላ አያግደውም። ከመቀመጫው ስር ነብሪት የምትባለው ድመት የወለደችበት ጎሬ ወጣ፦ የተቦጫጨቀ ሱፍ፣ የወፍ ላባ፣ የደረቀ የአሣ አከርካሪ፣ አንድ የሸዋረጋ ካልሲ ከዓመታት በፊት ጠፍቶ የተፈለገ። የመቀመጫው ሆድ የፈረስ ጭራ ነበር የተሞላው፤ አሁን ጠቁሮ፣ ረጥቦ፣ እንደ ጭቃ ተጋግሯል። ወለሉ ላይ የተነጠፈውም ምንጣፍ በእጅ ሲነካ ይቆረሳል።

ጎረቤቶች ምክር አላነሳቸውም። አንዷ ወይራ አጭሱበት አለች፤ ሌላዋ ሽቶ ካለ ይረጭ አለች። ሸዋረጋ ራሷ ትናንት ማታ ወይራውን ሞክራው ነበር፤ ጧት ላይ መኪናዋ የታጠነ የወተት ዕቃና ድመት ባንድ ላይ ስትሸት ተገኘች፤ ከቀድሞውም ባሰ። ስለዚህ አሁን ሽታውን ለመሸፈን አልደከሙም፤ ሽታው የተቀመጠበትን ነገር አወጡ። ምንጣፉን ገፈው ጣሉት። የመቀመጫውን ሆድ ዕቃ ዘርግፈው ከግቢው ውጭ ወስደው ቀበሩት። ሸዋረጋ ቀሚሷን ሰብስባ ከወገቧ ላይ አሰረችና የወለሉን ቆርቆሮ በፈላ ውሃና በሳሙና ፈተገችው፤ ቀጥሎ ከሆቴል ቤት የለመነችውን አቼቶ አፈሰሰችበት፤ ቀጥሎ ለሆዷ ሕመም ያስቀመጠችውን ቢካርቦኔት በተነችበት። አረፋው ቡፍ ብሎ ሲነሣ የተከማቸው ቢጫ ውሃ በመቀመጫው ብሎን ቀዳዳዎች ወደ መሬት ወረደ። እንደገና ውሃ፣ እንደገና ሳሙና። ጉልበቷ ተላጠ። ነብሪት ከአጥሩ ላይ ሆና፣ ጅራቷን እግሯ ላይ ጠቅልላ፣ ቤቷ ሲፈርስ ታያለች። የመቀመጫዎቹ ቆዳ ታጥቦ ፀሐይ ላይ ሲሰጣ የሚሞላበት ነገር ጠፋ፤ ሸዋረጋ ወደ መኝታ ቤቷ ገባችና የራሷን ፍራሽ ጎትታ አወጣች፣ በምላጭ ቀደደችው፣ ጥጡንም በእቅፏ እየተሸከመች ለሙሄዲን ታቀብለው ጀመር። ሙሄዲንም እየተቀበለ ቆዳው ውስጥ ጠቀጠቀው። ደጉም በረንዳው ላይ ሆኖ አያት፤ የያዘውን መፍቻ ካንድ እጁ ወደ ሌላው እያዘዋወረ ቆመ እንጂ አልቀረበም።

ወደ ስድስት ሰዓት ገደማ ሙሄዲን መስጊድ መሄድ ነበረበት። እጁን ታጥቦ፣ ኮፍያውን አድርጎ፣ ደጉ አጠገብ ሄደና በትከሻው ያዘው። «ጁምዓ ሰግጄ እስክመለስ አንድ ጊዜ ብቻ ግባና ተቀመጥባት። ሞተር አታስነሣ። ተቀመጥ ብቻ።» ደጉ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ «አንተ ንዳት፣ ሙሄ» አለ። «ባለቤቷ ራሱ ነው ያሉት። እኔን ካዩኝ መኪናዋን ሰርቀሃል ብለው እኔን ያስሩኛል» አለ ሙሄዲን። ቀልድ ሊያደርገው ነበር፣ ግን እስር የሚለው ቃል ከአፉ ከወጣ በኋላ ቀልድ አልሆነለትም። ኮፍያውን አስተካክሎ ወጣ።

ወንድምና እህት ብቻቸውን ቀሩ። ሸዋረጋ አዲስ የተሞሉትን መቀመጫዎች ለብቻዋ እየገፋች ቦታቸው አስገባቻቸው፤ እጇ በአቼቶው ይነድዳል። ቀና ስትል ደጉ አሁንም እዚያው ነው። ያን ጊዜ የያዛት ነገር ለቀቃት። «ጋሼ፣ ምን አድርገን ነው?» አለች። «ምን አስቀየምንህ? ድመት ገባባት ብለህ ነው? ድመት ነው እኮ! ይኸው ከጧት ጀምሬ ተንበርክኬ ሳጥብ የዋልኩት ላንተ አይደለም? ወፍጮ ትሁን ካልክ በለኝ፣ ልተወው! ብቻ እንዲህ ዝም አትበለኝ። ዝምታህን አልቻልኩትም።» ድምፅዋ አጥሩን አልፎ ጎረቤት ገባ። ነጠላዋን ፊቷ ላይ አድርጋ አለቀሰች።

ደጉ ቀስ ብሎ ከበረንዳው ወረደ። ከመኪናዋ ትንሽ ራቅ ብሎ ባሕር ዛፉን ተደግፎ ቁጢጥ አለ። መናገር ሲጀምር እሷን አላየም። «ክፍሉ ውስጥ በርሜል ነበረ» አለ። «ማታ በሩ ከተዘጋ እስኪነጋ አይከፈትም። ያ ሁሉ ሰው በዚያው ነው የሚሸናው። ሞልቶ ይፈሳል። አዲስ የገባ ሰው የሚተኛው በርሜሉ ጥግ ነው፤ ሌላ ሲመጣ እሱ ይነሣል። እኔ ግን ከዚያ አልተነሣሁም።» የባሕር ዛፉን ቅርፊት በጥፍሩ ላጠ። «ከኔ በኋላ የመጡት ልጆች ነበሩ። ገና ተማሪዎች። እዚያ ሂዱና ተኙ ማለት አቃተኝ። እዚያው ኖርኩ። ትናንት በሩን ከፍቼ እግሬን ሳስገባ ያው ሽታ ነው የመታኝ፤ በሩ ከኋላዬ የሚዘጋ መሰለኝ። ድመቱን ጠልቼ አይደለም፣ ሸዋዬ። በማን ልቀየም?»

ሸዋረጋ እንባዋን ጠረገች። ይኼን ሁሉ ቃል ባንድ ጊዜ ከአፉ ሰምታ አታውቅም። ሄዳ አጠገቡ ተቀመጠች፣ ቀሚሷ ጭቃ መሆኑን ረስታ። «ድመቶቹን ያስገባቻቸው እማዬ ናት» አለችው። ደጉ ዞር ብሎ አያት። «አንተ በሄድክ በዓመቱ ይመስለኛል፣ አንድ ቀን አይጥ ከሞተሯ ስር ሽቦ በአፏ ይዛ ስትወጣ አየች። ያን ዕለት እህል አልቀመሰችም። ‹ልጄ ሲመጣ በምን ይሄዳል?› እያለች ነጋባት። በማግሥቱ ነብሪትን ከገበያ ገዝታ አመጣችና መስኮቱን ጠበብ አድርጋ ከፍታ እዚያ አስለመደቻት። ለራሷ የታዘዘላትን ወተት ነበር የምታጠጣት። ይሸታል ብንላት ‹ሽታው ይታጠባል፣ የተበላ ሽቦ ግን ከየት ይመጣል?› ትለን ነበር። ሙሄዲንም ገርሞታል፤ ይኼን ያህል ዘመን የቆመች መኪና ሽቦዋ ሙሉ ሆኖ አይቼ አላውቅም ብሎኛል።»

ደጉ እጁን ፊቱ ላይ አድርጎ ቆየ፤ ትከሻው ሁለት ሦስት ጊዜ ተነቃነቀ። ከዚያ ተነሥቶ፣ ጥልቅ ውሃ ውስጥ እንደሚገባ ሰው አየር ስቦ ይዞ፣ የመኪናዋን በር ከፍቶ ገባና ተቀመጠ። ሸዋረጋ ባለችበት ደርቃ ቀረች። በመስታወቱ ውስጥ ጉንጩ ሲነፋ፣ ከዚያ ትንፋሹን ሲለቅ፣ ቀጥሎ በአፍንጫው ሲስብ አየችው። ላብ ግንባሩ ላይ አለ። ግን አልወጣም። አንገቱን ወደ ላይ ቀና አደረገ፣ እንደገና አሸተተ። «ከታች ጠፍቷል» አለ። «አሁን ያለው ከላይ ነው። ሸራው ነው። ወንድ ድመት ጣሪያው ላይ ሆኖ ሲሸና ነው የኖረው፤ ገበሩ ጠጥቶታል።» ሸራው ቢታጠብም በአንድ ቀን አይደርቅም፤ ማጠፊያው ብረት ደግሞ ዝጎ አልነቃነቅ ብሏል። ደጉ ወጣና ማድ ቤት ገብቶ የሽንኩርት ቢላዋ ይዞ መጣ። ከፊት መስታወቱ ጫፍ ጀምሮ ሸራውን ቀደደው። ሸዋረጋም ካንዱ ጎን ይዛ ጎተተች፤ ሲቀደድ የሚያሰማው ድምፅ አንድ ነገር ከደረቷ ላይ የሚነሣ ያህል ደስ አላት። የዛጉትን ብረቶች ደጉ በመዶሻ ነቀላቸው። ሙሄዲን ከመስጊድ ሲመለስ መኪናዋ ራሷን ተላጭታ፣ ደጉ ውስጧ ተቀምጦ፣ ባዶ ሰማይ ከአናቱ በላይ ተንጣልሎ አገኛቸው። በሩ ላይ ቆሞ «አልሐምዱሊላህ» አለና ሳቁ ስላሸነፈው የግቢውን በር ይዞ ሳቀ።

ሙሄዲን መቀመጫዎቹን በብሎን ካጠበቀ በኋላ፣ ሁለት ሰው ብቻ የምትይዝ መኪና ላይ ሦስተኛ መሆን አልቻለምና ቤቱን ሊጠብቅ ቀረ። «ድንገት ቀድመዋችሁ ከመጡ ሻይ አፍልቼ አቆያቸዋለሁ» አለ። ደጉ ሞተሩን አስነሣ፤ ወንድምና እህት ፒያሳን አቋርጠው ሲወርዱ ሰው ከየሱቁ በር ብቅ ብቅ አለ። አንዳንዱ መኪናዋን አስታወሳት፤ አንዳንዱ ደጉን አስታወሰና እጁን ለሰላምታ አንሥቶ፣ ማን እንዳየው ዘወር ዘወር ብሎ አይቶ፣ መልሶ ወደ ታች አወረደው። መውጫው ላይ ኬላ አለ። ጠመንጃ ያነገተ ሚሊሺያ እጁን ዘርግቶ አስቆማቸውና መታወቂያ ጠየቀ። ደጉ ገና መታወቂያ አልተሰጠውም፤ ያለው የመፈቻ ወረቀቱ ነው። ሚሊሺያው ወረቀቱን ገልብጦ፣ ቀና አድርጎ፣ ደጉንና ወረቀቱን እያፈራረቀ ሲያይ ሸዋረጋ የነጠላዋን ጫፍ በጣቷ ትጠመዝዛለች። «ወዴት ነህ?» አለው። «ኮምቦልቻ፣ ለምርመራ።» «አንተ ነህ ወይስ መኪናዋ ናት የምትመረመረው?» «መኪናዋ» አለ ደጉ። «እኔ ተመርምሬ ጨርሻለሁ።» ሚሊሺያው ለጥቂት ጊዜ ትክ ብሎ አየው። ከዚያ ጥርሱን ፈልቀቅ አደረገ፤ ወረቀቱን አጥፎ መለሰለትና ገመዱን ዝቅ አደረገ። ሸዋረጋ ገና ኬላውን ሳያልፉ ሳቅም ለቅሶም ያልሆነ ድምፅ አወጣች፣ አፏንም በነጠላዋ ያዘችው።

የሐረጎ ቁልቁለት ላይ ጉም ጠበቃቸው። ጣሪያ በሌላት መኪና ጉም ውስጥ መግባት የረጠበ አንሶላ ተጠቅልሎ እንደመሄድ ነው፤ መሪው ላይ፣ ቅንድባቸው ላይ፣ የሸዋረጋ ጠጉር ላይ ጤዛ ተንጠለጠለ። ከፊታቸው የሚወርደው ጭነት መኪና መብራት ብልጭ ይልና ይጠፋል። መጠምዘዣው ላይ ደጉ ፍሬን ሲይዝ መኪናዋ ወደ ግራ ሳብ አለች፤ ሸዋረጋ በሩን ጨበጠች፣ ሙሄዲን የመሰከረለት ፍሬን ግን ያዘ። ካፊያ ጣለ፣ ከዚያ ዝናብ ሆነ። ደጉ አንገቱን እንኳ አልቀበረም። ውሃው በፊቱ ላይ እየወረደ፣ ሸሚዙ ደረቱ ላይ ተለጥፎ፣ ማርሽ እየቀነሰ ይወርዳል፤ ድንገትም፣ ምንም የሚያስቅ ነገር ሳይኖር፣ ሳቀ። በጉሮሮው ሳይሆን በሙሉ አፉ። ሸዋረጋ ይኼን ሳቅ ለማየት ሙሉ ቀን የድመት ሽንት ስታጥብ ብትውል ግድ አልነበራትም። ቁልቁል ሲወርዱ ጉሙ ከአናታቸው ቀረ፣ የቦርከና ሸለቆ ፀሐይ ለብሶ ወለል አለ፣ የኮምቦልቻ ሙቀትም ልብሳቸውን ጉዞ ላይ ሳሉ ያደርቀው ጀመር።

የምርመራው ግቢ ጥቂት ጭነት መኪኖች የተሰለፉበት አቧራማ ሜዳ ነው። መርማሪው በሺር የሚባል፣ መነጽሩን በክር ያሰረ፣ የሥራ ልብሱ በቅባት የተዥጎረጎረ ረጋ ያለ ሰው ነበር። መኪናዋን ሁለት ጊዜ ዞራት፤ ክላክስ አስነፋ፤ ፍሬቻ አስበራ። ያንዱ የኋላ መብራት ሽቦ ላልቶ አልበራ ሲል ደጉ ተንበርክኮ በጥርሱ ልጦ አሠረውና በራ። «ጣሪያዋስ?» አለ በሺር። «ክፍት ናት» አለ ደጉ። «ክረምት እየመጣ ነው እኮ፣ ወንድሜ።» «ይምጣ።» በሺር ፈገግ ብሎ ፍሬን ሊሞክር በሩን ከፍቶ ገባ። ሸዋረጋ አፍንጫ አፍንጫውን አየችው። ሰውየው ተቀመጠ፣ መሪውን ያዘ፣ አፍንጫውን አንዴ ነፋ አደረገ፣ ወደ እሷም ዞር አለ። «ሳሙና ትሸታለች» አለ። «ሁሉም ሰው እንዲህ አጥቦ ቢያመጣልኝ ምን ነበረበት።» ሜዳውን ዞሮባት መጣና፣ ማኅተሙን መትቶ፣ ቦሎውን በገዛ እጁ መስታወቱ ላይ ለጠፈላቸው።

ሽቅብ ወደ ደሴ ተመለሱ። ሰፈር ሲገቡ የግቢያቸው በር ላይ ሰው ተሰብስቧል። ጓድ ሞላ ካፖርቱን ለብሶ መሐል ቆሟል፤ አራት የአብዮት ጥበቃ ወጣቶች ወፍራም ገመድ መንገዱ ላይ ዘርግተዋል፤ ከጎናቸው መፍቻ በእጁ የያዘ አንድ ወፍራም ሰው አለ፤ የሚስቱ ወንድም መሆኑን ሸዋረጋ አፍንጫውን አይታ አወቀች። ሙሄዲን በር ላይ ተደግፎ የሻይ ብርጭቆ ይዟል፤ ቃሉን ጠብቆ አቆይቷቸዋል። ደጉ ገመዱ አጠገብ ሲደርስ መኪናዋን አቆመ፣ ሞተሩን ግን አላጠፋም። ጓድ ሞላ ቀረበ፣ ጎንበስ ብሎ ቦሎውን አነበበ፣ ቀኑን በጣቱ ነካው፣ ማኅተሙን አየ፣ መልሶ አነበበ። ሌላ የሚነበብ ነገር አልተገኘም። ጉሮሮውን ጠረገና «ጥሩ ነው፣ ጓድ ደጉ» አለ። «እኛም የፈለግነው ይኼንኑ ነው፤ ንብረት ከሥራ ውጭ እንዳይሆን።» ደጉ ፊት ለፊት አየው። «ገመዱን ከመንገድ ላይ አንሡልን» አለ። ወጣቶቹ ጓድ ሞላን ሳይጠይቁ አነሡት። ባለ ወፍጮው ሰው ኮፈኗን እያየ ራሱን ነቀነቀ። «ድምፅዋ ግን እንዴት ደስ ይላል» አለ ለብቻው፣ ልቡ ተሰብሮ። ሕዝቡ ሳቀ፤ በዚህኛው ሳቅ ውስጥ የሊቀ መንበሩም ድምፅ ነበረበት።

ሸዋረጋ ለመውረድ በሩን ስትከፍት ደጉ እጇን ያዛት። «አትውረጅ» አለ። መኪናዋን ወደ ኋላ መልሶ አዞራት። ጥቂት ነድቶ፣ መንገዱ ሁለት ቦታ ሲከፈል፣ ወዴት እንደሚታጠፍ ሳያውቅ ቆመ። «እማዬን የት ነው ያሳረፋችኋት?» አለ። ከተፈታ ጀምሮ ጠይቆ አያውቅም፤ እሷም ሳይጠይቃት ልትነግረው ደፍራ አታውቅም። «መድኃኔ ዓለም» አለችው። «በስተምሥራቅ በኩል፣ ከወይራው በታች።»

የቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ጭር ብሏል። መቃብሩ ላይ ገና ሐውልት አልቆመም፤ ድንጋይ ተከምሮበት ሣር በቅሎበታል። ደጉ ጫማውን አወለቀና ድንጋዩ አጠገብ መሬት ላይ ተቀመጠ። አላለቀሰም። ሣሩን በእጁ ዳበስ ዳበስ አደረገና ለእህቱም አጠገቡ ቦታ ለቀቀላት። «እስቲ ንገሪኝ» አለ። «ሕመሙ እንዴት እንደጀመራት። ምን እንዳለች። ማን ማን እንደነበረ። አንድም ሳታስቀሪ።» ሸዋረጋ ነጠላዋን አስተካክላ ተቀመጠችና፣ ከመጀመሪያው ሳል ጀምራ ነገረችው። ደጉም አንገቱን ደፍቶ እስከ መጨረሻው ሰማት።